የሕፃናትን ሕይወት የሚታደግ ንጹሕ እጅ

አዲስ የተወለደ ሕፃን በሽታን የመከላከል አቅሙ ገና አልጎለበተም። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘዋወር የጤና ባለሙያ እጁን ካላጸዳ ለሞት የሚዳርግ ተህዋሲያን ሊያሸጋግርበት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ታካሚን ከመንካታቸው በፊትና በኋላ፣ እንደ መርፌ ያለ ሕክምና ከመስጠታቸው በፊት፣ ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካቸው በኋላ፣ እንዲሁም የታካሚውን አልጋና ዕቃ ከነኩ በኋላ እጃቸውን እንዲያጸዱ ይመክራል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተካሂዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የታተመ ጥናት ግን የእጅ ንጽሕናን በአግባቡ የጠበቁት 16.5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሥልጠና ያገኙና የአልኮል ማጽጃ የቀረበላቸው የተሻሉ ነበሩ።

እንደ ሞያሌዋ ቡቲዬ ውሃ በሚያጥርባቸው አካባቢዎች ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ የሚወስደው የአልኮል ማጽጃ ሁነኛ አማራጭ ነው። እጅ በግልጽ ሲቆሽሽ ግን ውሃና ሳሙና የግድ ያስፈልጋል።