ለባትሪ ሪባን አይቆረጥም

ቃሊቲ አስፋልት ዳር የሚኖር ሰው ሎቤድን በድምፁ ይለያል። ሸራ የለበሰ ከባድ ጭነት ሌሊት ወደ አቃቂ ካለፈ፣ ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ «አዲስ መሣሪያ ገባ» ይባላል። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ እንጂ አልናገርም። ዕድሜዬን በታንክ ጥገና ስለጨረስኩ ከሸራው ሥር ያለውን በቅርጹ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ አዲስ አይደለም። ቲ-55 ነው፤ የእኔ እኩያ።

ስሜንና የሠራሁበትን ቦታ አትጠይቁኝ። የጦር ምሥጢርም አታገኙብኝም። የማወራችሁ እጁን ግሪስ የነካው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ማይክ ፊት ግን የማይባለውን ነው።

«ታደሰ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሦስት ትርጉም አለው። አንደኛው መቀባት ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል ዝገቱ ይፋቃል፣ ላሜራው ይቃናል፣ ሰንሰለቱ ሳይቀር ጥቁር ይቀባል። ሁለተኛው ማስነሳት ነው። ከቆሙት ሦስት ታንኮች አንዱ ይፈታና ለሁለቱ ይከፋፈላል። ሪፖርቱ ላይ «ሁለት ታንክ ተጠግኖ ወጣ» ይባላል፤ ስለ ሦስተኛው የሚጠይቅ የለም። ሦስተኛው ትርጉም ማዘመን ነው፦ በጨለማ የሚያይ መነጽር፣ በቀላሉ የማይጠለፍ ሬዲዮ፣ አዲስ የተኩስ መቆጣጠሪያ። እሱ ውድ ነው፤ ፎቶ ላይም አይታይም። ስለዚህ ተራው ሳይደርሰው ይቀራል።

ብረቱን አልነቅፍም። በ1969 እና በ1970 ከሶማሊያ ጋር ስንዋጋ ከሶቪየት ኅብረት የጎረፈው ታንክ ስንቱን አይቷል! መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ከእነሱ በርካታዎቹ ሻዕቢያ እጅ ገቡ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባም የጋለባቸው ከደርግ የማረካቸውን ታንኮች ነበር። የአንዱን ታንክ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ የሁለትና የሦስት ጦር ታሪክ ይወጣው ነበር። በ2003 ደግሞ ከዩክሬን 200 ቲ-72 ለመግዛት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ተፈረመ። እነሱም ሶቪየት ሠራሽ ሆነው ታድሰው የመጡ ናቸው።

ችግሩ ታንክን የነደፉት ሰዎች ጠላት ከፊት ይመጣል ብለው መንደፋቸው ነው። ግንባሩ ወፍራም፣ ጣሪያው ስስ ነው። ቲ-72 ላይ 22 የመድፍ ጥይት ከምድብተኞቹ እግር ሥር ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ከላይ የወረደ ፍንዳታ እሱን ካገኘው የታንኩ አናት ከነመድፉ ተነቅሎ ይወረወራል። በ2013 መጀመሪያ አዘርባጃንና አርሜኒያ በናጎርኖ ካራባክ 44 ቀን ሲዋጉ ይህን ዓለም ሁሉ በስልኩ አየ። እኛ ዘንድም ነሐሴ 12 ቀን 2013 አንካራ ላይ ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈረመ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ከትግራይ ተነስቶ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ የነበረው ጦርነት ወደ ሰሜን ሲመለስ የቱርኩን ባይራክታር የመሳሰሉ ድሮኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

አሁን ጠጋ በሉ፤ ሹክ የምላችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ከዩክሬን ጦር ሜዳ የተቀረጸ ቪዲዮ ያሳየኛል። በሙቀት ካሜራ የተነሳ ነው፤ የጋለው ነጭ ሆኖ፣ የቀዘቀዘው ጠቁሮ ይታያል። ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ታንክ ከኋላው እንደ ከሰል ምድጃ ይነጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ታንክ ቆሟል አይደል? ለምን ነጣ ታዲያ?»

«ሞተሩ አልጠፋማ።»

«ለምን አያጠፉትም?»

«ባትሪው ይሆናል።»

ሳቀብኝ። እኔ ግን የነገርኩት የሙያዬን እውነት ነው። ባትሪው የደከመ ታንክ ሞተሩ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። ሬዲዮውም መብራቱም ከዚያው ባትሪ ይመገባሉ። እነዚህ አሮጌ ታንኮች ደግሞ ቆመው ሳለ መብራት የሚሰጣቸው ትንሽ ጀኔሬተር የላቸውም። ስለዚህ ሹፌሩ ፈርቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ያድራል። ናፍጣው ይነዳል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ብረቱ ይግላል፤ ድሮኗም ከሩቅ ታገኘዋለች። እንዲህ ያለውን ታንክ የሚያስበላው የብረቱ መሳሳት ብቻ አይደለም፤ በጊዜው ያልተቀየረ ባትሪ ጭምር ነው። ጥሩ ባትሪ፣ ትንሽ ጀኔሬተርና ሙቀት የሚያፍን መረብ አንድ አሮጌ ታንክ ላይ ቢገጠሙ፣ እኔ በበኩሌ ከአዲስ ቀለም ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ጸረ አውሮፕላን መድፉን ዙ-23ንም ላንሳ፤ ኦራል መኪና ላይ ተጭኖ በሰልፍ ሲያልፍ ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን። ሁለቱ አፈሙዞች ተደምረው በደቂቃ እስከ 2000 ጥይት የመትፋት ፍጥነት አላቸው። ሣጥኑ ግን የሚይዘው 50፣ 50 ጥይት ነው። ተኳሹ ምላጩን ሳይለቅ ቢቆይ በሦስት ሰከንድ ያልቃል። በዓይን እያለሙ ለሚተኩሱበት መሣሪያ ሦስት ሰከንድ ምን አላት? ባይራክታር ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይበራል፤ ዙ-23 ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ዒላማ አይደፍርም። ዝቅ ብለው ለሚመጡት ትናንሽ ድሮኖች ግን ሁነኛ መድኃኒት ነው፤ ራዳርና የማታ መነጽር ከተገጠመለት። አሮጌው መሣሪያ አልሞተም፤ ዓይን ነው ያጣው።

የብረት ፍርግርጉም እንደዚያው ነው። ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ታንካቸው አናት ላይ የበየዱት ፍርግርግ የቃሊቲ ብየዳ ቤቶች ለመስኮት ከሚሠሩት ብዙም አይለይም። ፈንጂ የያዘችን፣ ጥቂት መቶ ዶላር የምታወጣ ድሮን አንዳንዴ ያግዳታል። ከባይራክታር የሚለቀቀውን በጨረር የሚመራ ቦምብ ግን አያቆምም። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ እንደሆነ ሳይለዩ መበየድ ብረት ማባከን ነው።

ድሮን ባለቤቱንም ይፈትናል። በ2014 የገና ሌሊት ትግራይ ውስጥ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በወረደው የአየር ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ካሜራ ያሳያል፤ ያየውን የሚለየው ሰው ነው። እሱን ማሠልጠንም የማዘመን ሥራ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይሠራም? አዲስ ግዢ ሪባን አለው፤ ባትሪና ኩሽኔታ ሪባን የላቸውም። እዚሁ ሰፈራችን ያለው የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ቀድሞ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ነበር። በ2002 የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽኑ ሜቴክ ሲቋቋም ከጦር ፋብሪካዎቹ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ገባ። ከዚያ ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ወጥቶ ሜቴክ ያለ ጨረታ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ መፈጸሙን ተናገረ። ያን ዕለት እኔ ያሰብኩት ስለታሰሩት የሜቴክ ኃላፊዎች አልነበረም። በዚያ ገንዘብ ስንት ኩሽኔታ ይገዛ እንደነበር ነው።

የካቲት 29 ቀን 2017 ደግሞ ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ ተመረቀ። ደስ ብሎኛል፤ ልጆቻችን የሚበር ነገር ሲሠሩ ማን ይከፋዋል? ግን አሮጌ መካኒክ ነኝና አንድ ስጋት አለኝ። ታንክ ለማርጀት 40 ዓመት ይፈጅበታል። ዩክሬን ውስጥ ዛሬ የሚሠራ የድሮን ሬዲዮ ሞገድ ከጥቂት ወራት በኋላ ታፍኖ ዋጋ ያጣል፤ ለዚህ ብለው ድሮኑን በቀጭን የፋይበር ገመድ እየመሩ ማብረር ጀምረዋል። ታንኩን ያስረጀ ልማድ ድሮኑን ይምራል ብላችሁ አትጠብቁ።

በሚቀጥለው ጊዜ በቴሌቪዥን የሚያብለጨልጭ ታንክ ወይም ድሮን ስታዩ ቀለሙን እለፉት። ባትሪው መቼ እንደተቀየረ፣ በጨለማ ምን እንደሚያይ፣ መለዋወጫው የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ሪባን የምትቆርጡ አለቆቼም፣ መቀሱን ከማስቀመጣችሁ በፊት የመለዋወጫ መጋዘኑን በር አንድ ጊዜ አስከፍቱ። የመሣሪያው ዕድሜ የሚታወቀው እዚያ ነው።