ግድቡስ ይበቃል፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመርስ?

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ትንሽ ቆም ብላችሁ የሚያልፉትን መኪኖች እዩ። ቢዋይዲው፣ አይዲ ፎሩ፣ ቶዮታ ቢዜዱ ድምፅ ሳያሰማ ይሾልካል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ ደርሰዋል ተብሏል። ታዲያ መብራታችን ይችላቸዋል?

ኑ አብረን እናስላው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። የ100 ሺህ መኪና ፍጆታ በ24ቱም ሰዓት እኩል ቢከፋፈል 30 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዶላር የሚገዛ ቤንዚን በዓባይ ውሃ ሲተካ ደስ አይልም?

ጭንቁ ያለው ሰፈር ውስጥ ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር ቀና ብላችሁ እዩት፤ የ15 ሺህ ቮልቱን መስመር ለቤታችን ወደ 220 የሚያወርደው እሱ ነው። 315 ኬቪኤ ከሆነ 300 ኪሎ ዋት ገደማ ይሸከማል። ግድግዳ ላይ የሚገጠም ቻርጀር ደግሞ 7 ኪሎ ዋት ይስባል። እንግዲህ 40 መኪኖች ባንዴ ቢሰኩ ብቻቸውን ሊሞሉት ምንም አይቀራቸው፤ ምጣዱና ምድጃው ገና ሳይቆጠር! የበዓል ዋዜማ መብራት ለምን እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ አንድ ቻርጀር ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ያውም ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ መኪናው ግን ለሰዓታት ተሰክቶ ይቆያል።

ስለዚህ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ቤቱ ገብቶ ያበስላል፣ ባለመኪናውም በዚያው ይሰካል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ያው ትራንስፎርመር ጭነቱ ይቀልለታል። እንደ እኛ መብራቷን በአብዛኛው ከውሃ በምታገኘው ኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 10 አዲስ መኪኖች ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ እዚያ ብዙዎች ቻርጅ የሚያደርጉት ሌሊት፣ ዋጋው ሲረክስ ነው። የእኛም ታሪፍ ሌሊት ላይ ቢቀንስ ሰው በራሱ ፈቃድ ሰዓቱን ይለውጥ ነበር።

መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ብዙዎቹ መኪኖች ቻርጅ የሚጀምሩበትን ሰዓት ከስክሪናቸው ላይ መሙላት ይቻላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አድርጉት። የግድግዳ ቻርጀር ከማስገጠማችሁ በፊትም መስመሩና ቆጣሪው መቻሉን የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቁ።