ከወዳጆች ጋራ ወደ ሞንትሪያል፤ የበረዶ ሆኪ ስለ ማየት

በካናዳ አገር ብርድ በበረታ ጊዜ ሰው ሁሉ ደጁን ዘግቶ ከእሳት ዳር የሚቀመጥ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። በእኛ አገር በጋ በሆነበት በጥር ወር የሞንትሪያል ከተማ ብርድ በአማካይ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ይደርሳል፤ ቢሆንም የከተማው ሕዝብ ቅዳሜ ማታ ባልንጀራ ከባልንጀራው ተጠራርቶ ወደ ሆኪ አዳራሽ ይጐርፋል። በቶሮንቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ዘመድ ሊጠይቅ ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይጠቅመዋል ብለን ይህን ጕዞ ልንገልጽ ወደድን። ከቶሮንቶ እስከ ሞንትሪያል 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዐርብ ከቀትር በኋላ በባቡር የተነሣ ሰው ከአምስት ሰዓት በላይ ተጕዞ ማታ ይገባል።

ሆኪ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የገናን ጨዋታ ያስብ። በትሩ እንደ ገናው ጫፉ ቈልማማ ነው፤ ነገር ግን ሜዳው በረዶ ነው፥ ከተጫዋቹም ጫማ በታች ስለታም ብረት አለበት። በሩር ፈንታ የሚመቱት ክብና ጠፍጣፋ ጐማ ነው፤ ይህም እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት በብርድ እንዲደርቅ ይደረጋል። ከየወገኑ ግብ ጠባቂው ሳይቀር 6 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሩጫው እጅግ ስለሚያደክም በየደቂቃው ግድም ይለዋወጣሉ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፤ ሆኖም በተቋረጠ ቍጥር ሰዓቱም ስለሚቆም ከዕረፍቱ ጋራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። በዕረፍቱ ጊዜ በረዶውን እየላገ ውሃ የሚያለብስ መኪና ይወጣል፤ ፍራንክ ዛምቦኒ የተባለው ሰው በካሊፎርንያ በ1949 የሠራው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል)። ልጆች ከጨዋታው ይልቅ ይህን መኪና ቢወዱ አያስደንቅም።

በአዳራሽ ውስጥ የተደረገው የመጀመሪያ የሆኪ ግጥሚያ በዚችው ከተማ ማርች 3 ቀን 1875 ነበረ። ኳስ ወደ ተመልካቹ እንዳይዘል በማለት በዚያን ቀን ጠፍጣፋ እንጨት አደረጉ። ለተመልካች ይህን ያህል ከታሰበ በኋላ፥ በመጨረሻው ጠብ ተነሥቶ አግዳሚ ወንበር እንደ ተሰበረና ሴቶች ደንግጠው እንደ ሸሹ የዘመኑ ጋዜጣ ጻፈ።

ከዚህም የባሰ በ1955 ሆነ። በ1909 የተቋቋመው የሞንትሪያል ካናዲየንስ ቡድን ዝነኛ ተጫዋች ሞሪስ ሪሻር በቦስተን ከተማ የዳኛ ረዳት ስለ መታ፥ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል ለቀረው የዓመቱ ጨዋታ ሁሉ አገደው። ማርች 17 ቀን ካምቤል ራሱ ፎረም ወደ ተባለው አዳራሽ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ እንቍላልና ቲማቲም ወረወረበት፤ አስለቃሽ ጢስ ፈነዳ፥ ጨዋታው ተቋረጠ፥ ቍጣውም ወደ ሴንት ካትሪን ጐዳና ወጥቶ የሱቅ መስተዋት ሰበረ። ሪሻር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፥ ካምቤል እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ ነበሩ፥ ብዙ ሰዎች ከጨዋታው በስተኋላ የቈየ ቅሬታ እንደ ነበረ ይናገራሉ። በማግስቱ ሪሻር ራሱ በራዲዮ ሕዝቡን እንዲረጋጋ ለመነ፤ ሕዝቡም ሰማው።

በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ የአባቶቻችን ልማድ ነው። በሆኪ ግን የተደባደበ ተጫዋች በታላቁ ማኅበር ሕግ 5 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ ይቀመጣል፥ ከዚያም ይመለሳል። ይህ ቅጣት ለእኛ ቀላል ይመስለናል፤ በኬቤክ የሚጫወተው የወጣቶች ማኅበር ከ2023 ጀምሮ የተደባደበውን ከጨዋታው ጨርሶ እንዲያስወጡ መደንገጉን እናመሰግናለን። ስለዚህ ልጅ ይዞ የሚሄድ አባት ወይም እናት ድብድብ ቢነሣ ዐይኑን ከመሸፈን ይልቅ ቅጣቱን ያስረዳው። ከወዳጆቹም መካከል ግማሹ የቶሮንቶ፥ ግማሹ የሞንትሪያል ደጋፊ መሆኑ የማይቀር ነውና፥ የገናው ልማድ ከመነሣት በፊት በባቡሩ ውስጥ ቢታወስ መልካም ነው።

በ1996 የተከፈተው ቤል ሴንተር 21,000 ያህል ሰው ይይዛል፤ ቲኬቱ ግን ውድ ነው። ገንዘብ ለመቈጠብ የሚወድ በአቅራቢያው ባለችው በላቫል ከተማ የሁለተኛውን ደረጃ ቡድን ቢያይ አይቈጭም። ሴቶች ልጆች ያሏቸው ደግሞ የሴቶችን ግጥሚያ ይፈልጉ፤ ኤፕሪል 20 ቀን 2024 በቤል ሴንተር የሞንትሪያልና የቶሮንቶ ሴቶች ሲጋጠሙ 21,105 ሰው ተቀምጦ አየ።

ልብስ ተደራራቢ ይሁን፤ ከደጅ ብርዱ ይነድፋል፥ ከአዳራሹ ውስጥ ግን ካፖርት ማውለቅ ያሻል። ጋቢ የያዘች እናት በባቡሩ ውስጥ ታመሰግነዋለች።

እሑድ ጧት በእንጨት እሳት የተጋገረውን የሞንትሪያል ቤግል በትኵሱ በልቶ 233 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ሞን ሮያል ተራራ መውጣት ነው። በዚያ በላክ ኦ ካስቶር አጠገብ ባለው በረዶ ላይ ማታ ተጫዋቹን ሲተች ያመሸ ባልንጀራ ራሱ ጫማውን አጥልቆ ይሞክር፤ ሳቅ የሚገኘው ከዚህ ነው። የጋራውን ገንዘብ የያዘው ሰው ሒሳቡን በመመለሻው ባቡር ላይ፥ ወዳጆቹ ሳይለያዩ ያንብብላቸው።