ወፍ ዋሻ፦ በገደል አፋፍ ላይ የቆመው ደን



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ደን ነው፤ ወፍ ዋሻ ይባላል። የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር መካከል ባለው ገደላማ ሥፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ ብዙ አይደለም። ቢሆንም ስሙን የሰማው ብዙ፣ ሄዶ ያየው ጥቂት ነው። እኔም ስለዚህ ደን በክፍል ውስጥ ለዓመታት ካስተማርኩ በኋላ ነው ከተማሪዎቼ ጋር በእግሬ የገባሁበት። በዚያ ጉዞ ያየሁትንና የተማርኩትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ከደብረ ብርሃን የሚነሣ መንገደኛ ደኑን ከሩቅ አያየውም። የሚያየው የገብስና የስንዴ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቅና ምድሪቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ትወርዳለች። ይህ አፋፍ የውኃ ማካፈያም ነው። በስተምዕራብ ያለው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተምሥራቅ የሚወርዱት ምንጮች ግን ከአዋሽ ጋር ተቀላቅለው፣ ባሕር ሳይደርሱ በአፋር በረሃ ይቀራሉ። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ በዚህ አፋፍ ላይ ሁለት ዕጣ አለው።

ደኑ በዚህ ሥፍራ ሊቆይ የቻለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጉም ነው። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጉም ሆኖም ዛፎቹን ያለብሳቸዋል። ስለዚህ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ቅጠሉ ይንጠባጠባል፤ ከቅርንጫፉም እንደ ሽማግሌ ጢም የረዘመ ሽበት ይንጠለጠላል። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። በሬና ማረሻ እዚያ አይቆሙም፤ ሜዳው ሁሉ ሲታረስ ገደሉ የተረፈው በአስቸጋሪነቱ ነው።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጎብኚ በግማሽ ቀን ውስጥ የተለያዩ አየር ንብረቶችን ያቋርጣል። በውርጩ ጫፍ ላይ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ግንዱ የቀላ፣ ቅርፊቱ የሚላጥ ኮሶ ይመጣል። ዝቅ ሲሉ ጥድ፣ ከዚያም ዝግባና ወይራ ይከተላሉ። ጭላዳ ቀኑን በአፋፉ ላይ ሣር ሲነጭ ውሎ ሌሊቱን በገደሉ ያሳልፋል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ ግን ድምፅ ሰምቶ ከመጥፋቱ በፊት ካያችሁት ዕድለኞች ናችሁ። በአካባቢው ገደሎች የምትኖር፣ በሳይንስ ስሟም በአንኮበር የተሰየመች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

በዙሪያው ያሉትም ሥፍራዎች ጉዞውን ምሉዕ ያደርጉታል። አንኮበር የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ንጉሡን ለማግኘት ወደ ሸዋ መጥተው ነበር። በጣርማ በር ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቀው የሠሩት ዋሻ መንገድ አለ። ወደ ሰሜን ራቅ ሲሉ ደግሞ የመንዝ ጓሳ ይገኛል። እዚያ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሥፍራው ዛሬም በማኅበረሰቡ ተጠብቆ ይገኛል። ቀይ ቀበሮም ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ተማሪዎቼ በጥዱ መካከል ገመድ ዘርግተው የዛፎቹን ዓይነትና የግንዳቸውን ውፍረት ይመዘግቡ ነበር። መንገድ ይመሩን የነበሩት የአካባቢው ሽማግሌ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «መምህር፣ ትልልቆቹን ቆጠራችሁ፤ ልጆቻቸውንስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የሥራ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፣ ለችግኝ የተተወ ዓምድም አልነበረውም። ተንበርክከን ፈለግን። ከግዙፎቹ ጥዶች ሥር በመሬት ላይ ያገኘነው የከብት ኮቴ፣ የተነጨ ሣርና ጥቂት ለጋ ችግኝ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ማብራራት ይቻላል። ጥድ ብርሃን ፈላጊ ነው፤ በእናቱ ጥላ ሥር በቀላሉ አያድግም። ብርሃን ባለበት ክፍት ቦታ ደግሞ ሣር ስለሚበቅል ከብት ይገባበታል፤ ችግኙም ከሣሩ ጋር ይነጫል ወይም ይረገጣል። በዚህ ሁኔታ ያለ ደን ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ተተኪ ግን የለውም። ይህ ዓይነቱ ጥፋት እንደ ቃጠሎ ጭስ የለውም፤ ስለዚህም ማንም አይደነግጥበትም። ገበሬውን ብቻ መውቀስም አይገባም፤ ሜዳው ታርሶ ካለቀ ከብቱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ጠባብ ነው።

ስለ መናገሻ ሱባ ደን የሚነገረውን ትውፊት ታውቃላችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ አስተከሉ ይባላል። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ ይህ ደን በአንድ ወቅት ለሌላ ተራራ ልጆች የሰጠ ነው። ዛሬ ግን የራሱን ልጆች የሚያሳድግበት ቦታ አጥቷል።

ስለዚህ ለምትሄዱ ሁሉ የምመክረው ጥቂት ነው። የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጉ፤ ክፍያውንም በአግባቡ ክፈሉ። በአስታው አካባቢ እሳት አታንድዱ፤ በቀላሉ ይቀጣጠላልና። በክረምት ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት በበጋ ሂዱ። ቀና ብላችሁ ግዙፎቹን ካደነቃችሁ በኋላም ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን ተመልከቱ። የእኛ ቅጽ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ዓምዱ የችግኝ ነው።