ያውቁ ኖሯል? መዓት በወረደ ቁጥር የተከሰሱት

(ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? በ1755 ቦስተን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ፣ ሰባኪው ቶማስ ፕሪንስ ጣታቸውን የቀሰሩት በቤንጃሚን ፍራንክሊን የመብረቅ መከላከያ ብረት ላይ ነበር። ብረቱ ኤሌክትሪክን ከአየር እየሳበ ምድር ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቦስተን ደግሞ ብረቱ የበዛባት ከተማ ናት፤ ብትናወጥ ምን ይገርማል? የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ጆን ዊንትሮፕ ግን ይህን ዝም ብለው አላለፉትም፤ ሞግተው ጻፉ።

በዚያው ወር መጀመሪያ ሊዝበንም በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ነበር። ፈላስፋው ካንት ጥፋቱን በምድር ሆድ ውስጥ ባሉ ዋሻዎችና በሚቀጣጠሉ ጋዞች አሳበበ። በ1760 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ሚቼል ‹‹ውሃ ከከርሰ ምድር እሳት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር እንፋሎት ነው›› የሚል ሐሳብ አመጣ። በመንስኤው ተሳስቷል። ንዝረቱ በማዕበል መልክ ይጓዛል ማለቱ ግን ትክክል ነበር።

በ1348 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ‹‹ጥቁሩ ሞት›› ለተባለው ወረርሽኝ ተጠያቂ ያደረጉት ሳተርንን፣ ጁፒተርንና ማርስን ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሰማይ ላይ ተቀራርበዋልና!

በኋላ የኒውተንን የካምብሪጅ ወንበር የወረሰው ዊሊያም ዊስተን በ1696 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥፋት ውሃን ያመጣው በምድር አጠገብ ያለፈ ጅራታም ኮከብ ነው ብሏል።

ሰኔ 30 ቀን 1908 ሳይቤሪያ ውስጥ ቱንጉስካ በተባለ ስፍራ ከሁለት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን ተረፍርፎ ተጋደመ። ተመራማሪው ሊዮኒድ ኩሊክ ቦታው የደረሰው በ1927 ነው። ትልቅ ጉድጓድ ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ግን በመሀሉ ቅርንጫፋቸው ተመልምሎ ቀጥ ብለው የቆሙ ዛፎችን! ጉድጓዱ ሲጠፋ መላ ምቱ በዛ። በ1946 አንድ ሩሲያዊ ደራሲ የሌላ ዓለም መንኮራኩር ፈነዳ ብሎ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ብዙዎች እውነት አድርገው ያዙት። በ1973 ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት ትንሽ ጥቁር ጉድጓድ (ብላክ ሆል) ምድርን በስታ አለፈች አሉ። በወዲያኛው በኩል፣ በአትላንቲክ፣ ስትወጣ ግን ያያት የለም። ዛሬ ሚዛን የሚደፋው ምድር ሳይነካ አየር ላይ የፈነዳ የሰማይ አለት ነው የሚለው ነው።

ዳይኖሰሮችን የፈጀው የሰማይ አለት ነው የሚለው ሐሳብም በ1980 ሲቀርብ ብዙዎች አላመኑትም። ሳይንቲስቶቹ አልቫሬዝ አባትና ልጅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የያዙት ማስረጃ፣ በስስ የሸክላ አፈር ውስጥ የተገኘ ኢሪዲየም የተባለ ብርቅ ብረት ነበር። ጉድጓዱስ የት አለ? የሚገርመው፣ ነዳጅ ፈላጊዎች ሜክሲኮ ውስጥ ቀድመው አይተውት በ1981 በጉባኤ ላይ ተናግረው ነበር፤ ሰሚ አልነበራቸውም እንጂ! ዓለም ያመነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ያህላል።

በ1984 ደግሞ ፀሐያችን ኔሜሲስ የምትባል ድብቅ ጓደኛ ኮከብ አላት፤ በየ26 ሚሊዮን ዓመቱ ጅራታም ኮከቦችን ትልክብናለች ተባለ። ቴሌስኮፖች ሰማዩን አሰሱ፤ የለችም።

ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው ቶባ እሳተ ገሞራ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር የሚለውን መላ ምት ካነሡ አይቀር፣ ወደ መተማ ይምጡ። በሽንፋ ወንዝ አካባቢ የተቆፈረ ጥንታዊ ሰፈር በዓይን የማይታይ የቶባ ብናኝ ተገኝቶበታል። በ2024 በወጣው ጥናት መሠረት፣ ነዋሪዎቹ ከፍንዳታው በኋላም አልጠፉም፤ ድርቅ ሲበረታ እየጎደሉ ከሄዱት ኩሬዎች ዓሣ በብዛት እያጠመዱ ይበሉ ነበር።