ድረ ገጽን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስለ ማዛወር

ድረ ገጽ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በአዲስ አበባም ሆነ በጅቡቲ ተቀምጦ በስልኩ የሚያነበው ጽሑፍ፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒዩተር ውስጥ ተከማችቶ የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ሰርቨሩ አንባቢው ካለበት አገር እጅግ ርቆ በሌላ ክፍለ ዓለም ሊገኝ ይችላል። ብዙውን ጊዜም የድረ ገጹ ባለቤት ንብረት ሳይሆን በኪራይ የተያዘ ነው። ስለዚህ ተከራይ ቤት እንደሚቀይር ሁሉ፣ ድረ ገጽም አንዳንድ ጊዜ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይዛወራል።

የመዛወሩ ምክንያት ብዙ ነው። ኪራይ ይወደዳል፤ አንባቢ በዝቶ ሰርቨሩ ይጠብባል፤ ወይም ሰርቨሩ የሚሠራበት መሠረታዊ ፕሮግራም ጥገናው ይቋረጣል። ለምሳሌ ሴንት ኦ.ኤስ. 7 የተባለው ፕሮግራም ጥገናው እ.ኤ.አ. በጁን 30 ቀን 2024 ስላበቃ፣ በእርሱ ይሠሩ የነበሩ ድረ ገጾች ለደኅንነታቸው ሲባል መዛወር አስፈልጓቸዋል።

ይሁን እንጂ የድረ ገጽ መዛወር ከቤት መቀየር በአንድ ነገር ይለያል። የቤት ዕቃ ሲነሣ አሮጌው ቤት ባዶ ይቀራል፤ ድረ ገጽ ግን የሚዛወረው በመገልበጥ ስለሆነ፣ ግልባጩ በአዲሱ ሰርቨር ሲያርፍ ዋናው ከነበረበት አይነቃነቅም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ባለሙያው አዲሱን መርምሮ እስኪጨርስ ድረስ አሮጌው ሥራውን ይቀጥላል፤ ስሕተት ቢገኝም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ጥቂት የኪራይ ገንዘብ ለማዳን ሲል አሮጌውን ሰርቨር በዚያው ቀን የሚዘጋ ሰው ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይጥለዋል።

የሚገለበጠው ንብረት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሥዕሎችንና ፕሮግራሞችን የያዙ ፋይሎች ናቸው፤ እነዚህን መገልበጥ ብዙ አያስቸግርም። ሁለተኛው ጽሑፎቹ ራሳቸው የሚቀመጡበት የመረጃ ቋት ነው። በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፉ ድረ ገጾች ጉዳት የሚደርስባቸው በተለይ እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥር ብቻ ነው። ለየፊደሉ የሚሰጠው ቍጥር ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ የተወሰነ ሲሆን፣ የግእዝ ፊደል በዚህ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ መሠረት የ«ሀ» ቍጥር 4608፣ የ«ሁ» ደግሞ 4609 ነው። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ሲይዝ፣ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማይ ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለው በብዙ ድረ ገጾች የሚሠራበት የመረጃ ቋት ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 8.0 እትሙ እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የሚጠቀመው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በያዘ ሠንጠረዥ ነበር።

ከዚህ የተነሣ በግልበጣው ጊዜ ሁለት ዓይነት ብልሽት ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያው፣ ባይቶቹ ሳይጐድሉ በተሳሳተ ሠንጠረዥ ስለሚነበቡ፣ በአንድ የግእዝ ፊደል ፈንታ ሦስት እንግዳ የላቲን ምልክቶች ይታያሉ። መልኩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የጠፋ ነገር ስለሌለ ሊታረም ይችላል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ጽሑፉ የግእዝ ፊደል ወደሌለበት ሠንጠረዥ ሲለወጥ፣ ኮምፒዩተሩ በየፊደሉ ምትክ አንድ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። «ሰላም» ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ «ከበደ»ም እንዲሁ። ከሦስት የጥያቄ ምልክት ተነሥቶ የቀድሞውን ቃል ማወቅ አይቻልም። አሮጌው ሰርቨር ከተዘጋ የዓመታት ጽሑፍ በዚህ ሁኔታ ሊጠፋ ይችላል።

ግልበጣው ካለቀ በኋላ የአድራሻ ለውጥ ይከተላል። የድረ ገጽን ስም ከሰርቨሩ የቍጥር አድራሻ ጋር የሚያገናኘው ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለው ሥርዓት ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፉት ፖል ሞካፔትሪስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ናቸው። አንድ ጊዜ የተጠየቀ አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ በሌሎች ኮምፒዩተሮች ዘንድ ተይዞ ይቆያል። ይህ ጊዜ 86400 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ከሆነ፣ አድራሻው ከተለወጠ በኋላም አንዳንድ ጎብኚዎች እስከ ማግሥቱ ድረስ ወደ አሮጌው ሰርቨር ይሄዳሉ። ልምድ ያለው ባለሙያ ከመዛወሩ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ጊዜውን ወደ 300 ሴኮንድ ዝቅ ያደርገዋል። በለውጡም ሰዓት በአሮጌው ሰርቨር ላይ አዲስ ነገር እንዳይጻፍ ያግዳል፤ አለዚያ የጥቂት ሰዎች መልእክት በተተወው ቤት ይቀራል።

አዲሱን ሰርቨር ማስተዳደር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ትእዛዝ በጽሑፍ ለመስጠት ያልሠለጠነ ሰው ሥራውን በአዝራር የሚያከናውንበት ፕሮግራም ኮንትሮል ፓነል ይባላል። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የታወቀው ሲፓነል እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ክፍያውን በደንበኞች መዝገብ ብዛት እንዲሆን ስላደረገው፣ በአንድ ሰርቨር ብዙ ትንንሽ ድረ ገጾችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ወጪያቸው በድንገት ናረ። ያለ ክፍያ የሚገኙ እንደ ሄስቲያና ቨርቹዋልሚን ያሉም አሉ። ነገር ግን ዋጋ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባውም። ፓነል የሰርቨሩን ሁሉ ቍልፍ የያዘ ዘበኛ ስለሆነ፣ እርሱ ሲሰበር ሁሉም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሳይበርፓነል በተባለው ፓነል በተገኘ ቀዳዳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ለጥቃት ተዳርገዋል። ስለዚህ ቀዳዳ ሲገኝበት ጥገናው በቶሎ የሚወጣለት፣ ነገ ሌላ መዛወር ቢያስፈልግም ንብረቱን ሳያስቸግር የሚያስረክብ ፓነል ይመረጣል። አንድ ድረ ገጽ ብቻ ላለውና ትእዛዝ መጻፍ ለሚችል ሰው ግን ያለ ፓነል መሥራት ይሻላል።

ከሁለቱ ሰርቨሮች ሌላ አንድ ግልባጭ በሦስተኛ ስፍራ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦ.ቪ.ኤች. ኩባንያ የሰርቨሮች ሕንጻ በተቃጠለ ጊዜ፣ መጠባበቂያ ግልባጫቸውን በዚያው ሕንጻ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል። አሮጌው ሰርቨር የሚዘጋውም ይህ ግልባጭ ተከፍቶ ከተነበበ፣ በአዲሱም ላይ የቆዩት ጽሑፎች በየገጻቸው ከተመረመሩ በኋላ ነው።