ትንበያው ዝናብ ሲል ቦርደዴ ለምን ደርቃ ትውላለች?

የዕለቱ የአየር ትንበያ በምዕራብ ሐረርጌ ዝናብ እንደሚጠበቅ ሲገልጽ የጭሮ ከተማ ነዋሪ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ የቦርደዴ ገበሬ ደግሞ የማሽላ ዘሩን ያዘጋጃል። ሲመሽ ጭሮ ዝናቧን አግኝታ፣ የቦርደዴ መሬት ግን አቧራው እንኳ ሳይረጥብ ሊያድር ይችላል። ያልበቀለ ዘርን መልሶ መዝራት ምን ያህል እንደሚከብድ ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ትንበያውን የሚያሰላው ኮምፒውተር ደመናን የሚመለከትበት ስፋት ነው።

የትንበያ ሞዴሎች ምድርን እንደ መረብ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፋፍላሉ። በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ በሆነው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል የአንዱ ክፍል ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም 8,100 ሄክታር ያህል መሬት መሆኑ ነው። ሞዴሉ ለዚህ ሁሉ መሬት የሚይዘው በአንድ የከፍታ እርከን አንድ የሙቀት መጠን፣ አንድ የእርጥበት መጠን ብቻ ነው። የመሬቱንም ከፍታ የሚያውቀው በአማካይ ነው። ከሚኤሶ ቆላ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ ጭሮ 1,800 ሜትር በሚወጣው ዳገት ላይ አማካይ ከፍታ ብዙ ነገር ይደብቃል። እርጥብ አየር ወደ ጨርጨር ተራሮች ሲገፋ ሽቅብ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ደመናም ይሆናል፤ ከግርጌ ያለው ቆላ ግን ፀሐይ ሊመታው ይችላል።

ችግሩ በደመናው ውስጥ ይብሳል። የደመና ጠብታ ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያህል ነው። አንድ ደህና የዝናብ ጠብታ እንዲፈጠር አንድ ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ጠብታዎች ተጋጭተው መዋሃድ አለባቸው። ግጭቱ የሚፋጠነው ደግሞ ውሃው በአንድ ቦታ በብዛት ሲከማች ነው። ነገሩ እንደ ማገዶ ነው፤ ጥቂት እንጨት በአሥር ምድጃ ቢበተን አንድም ድስት አይፈላም፤ በሁለት ምድጃ ቢሰበሰብ ግን ሁለት ድስት ይፈላል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት አይታየውም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በብዙ ሞዴሎች በተሠራበት አንድ ቀመር መሠረት፣ የደመናው ውሃ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ዝናብ የሚለወጥበት ፍጥነት ከ5 እጥፍ በላይ ያድጋል። ከመረቡ ክፍል ግማሹ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ግማሹ የአማካዩን እጥፍ ውሃ የያዘ ደመና ቢሆን፣ በእውነት የሚፈጠረው ዝናብ ከአማካዩ ከሚሰላው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ጉድለት ለማካካስ በጥቂት ውሃም ዝናብ እንዲጀምር ሞዴሉ ሲስተካከል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ካፊያው ይበዛል፣ ዶፉ ያንሳል። ብዙ የዓለም አቀፍ ሞዴሎች በዚህ ይታማሉ። ከቀትር በኋላ አልፎም ማታ የሚጥለውን ነጎድጓዳማ ዝናብ ወደ እኩለ ቀን ማምጣትም የታወቀ ድክመታቸው ነው።

የተሻለው መፍትሔ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ስርጭቱንም ማስላት ነው። ከክፍሉ ስንት እጁ ደመና እንደሸፈነው፣ ውሃውም በደመናው ውስጥ ምን ያህል እንደሚለያይ ይገመታል። የአውሮፓው ማዕከል ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላም ዘዴ ይጠቀማል፤ ሊታዩ የማይችሉትን ጥቃቅን ልዩነቶች ለመወከል ስሌቱን በዕጣ መልክ በጥቂቱ እያዛባ፣ ዛሬ 50 ጊዜ ደጋግሞ ያሰላል። ከ50ው በ20ው ዝናብ ከታየ ዕድሉ 40 በመቶ ይባላል። ይህም ዝናቡ የቀኑን 40 በመቶ ይቆያል ማለት አይደለም፤ ሞዴሉ ሐቀኛ ከሆነ፣ እንዲህ ከተባለባቸው አሥር ቀናት በአራቱ ያህል ይዘንባል፣ በስድስቱ አይዘንብም ማለት ነው።

መረቡን ማጥበብስ? ይጠቅማል። የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች መላ አፍሪካን በ4.5 ኪሎ ሜትር መረብ ያሰሉበት ጥናት የኃይለኛ ዝናብንና የዝናብ ሰዓትን ሥዕል አሻሽሏል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ የመረቡን ጎን በግማሽ መቀነስ የስሌቱን ሥራ ስምንት እጥፍ ያህል ያበዛዋል።

በአገራችን የመሬት ላይ መለኪያ ጣቢያዎችና የሳተላይት መረጃ የሚዋሃዱበት፣ በኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ የሚመራው ኢናክትስ የተሰኘ ሥራ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያለፈውን ዝናብ ለማወቅ አግዟል። ቆላውና ደጋው እንዴት እንደሚለያዩ የሚታየው በእንዲህ ያለው የዓመታት መዝገብ ነው።

ልዩነቱ ለዘር ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋን ሌሊት የመታውና ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ በአብዛኛው የመጣው በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች ከጣለው ዝናብ ነው። ስለዚህ በቆላ ያለ ከብት አርቢ የራሱ ሰማይ ጥርት ቢልም፣ ለደጋው ከባድ ዝናብ ከተነገረ ከብቱን በደረቅ ወንዝ ውስጥ ባያሳድር ይመረጣል። ለዘር ደግሞ የአንድ ቀን ትንበያ ብቻውን አይበቃም፤ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀናት መግለጫ ማየት፣ መሬቱንም ቆፍሮ እርጥበቱ ምን ያህል እንደዘለቀ መፈተሽ ያስፈልጋል።